የሰላዩ እውነተኛ አገር

ባለፈው ሰሞን ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ፣ ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌ የሎሚ ኮሎኛ ሸተቱኝ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ምንም የማይወጣላቸው ሰው ናቸው። እኔ ግን ወዲያው ጠረጠርኳቸው። ‹‹ሰላይ ናቸው›› አልኩ በሆዴ። እጃቸውን አየሁ፤ ቀለበት አለ። ግንባራቸውን አየሁ፤ ላብ ችፍ ችፍ ብሏል። ‹‹በቃ፣ አበቃ!›› ብዬ ብቻዬን ስስቅ፣ ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ‹ይህችን አሮጊት ነካ ሳያደርጋት አይቀርም› ብላ መሰለኝ ትንሽ ፈቀቅ አለች። እሷ ምን ታድርግ! ሰባተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት የት ታውቀዋለች።

ያኔ ድሬዳዋ ነበርን፤ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ። አባቴ ባቡር ነጂ ስለነበር ከቤቱ ይልቅ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር የሚገኘው። ቤቱን ቤት ያደረጉት ጋሼ በላይነህ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አይወደድም፤ ትልቁም ትንሹም ‹‹አቦ አንተ!›› ተባብሎ ነው የሚኖረው። ጋሼን ግን አንቱ የማይል አልነበረም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ለአንድ እንግሊዛዊ ሻለቃ አስተርጓሚ ሆነው ቆላውን ሁሉ ዞረዋል። ከዚያ ጊዜ የተረፋቸው እንግሊዝኛና ሻይ በወተት ነው። ያን ዓመት ጣቢያው ዕቃ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የበረንዳችን ጌታ እሳቸው ነበሩ።

ቅዳሜ ፀሐይዋ በረድ ስትል ጎረቤቱ በርጩማውን እያንጠለጠለ ይመጣል። ከመጋላ ሰፈር አቡ ሳልም ይመጣል፤ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ የየመን ዓረብ ነው፣ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ ሁልጊዜ ምሰሶዋን ተደግፎ ይቀመጣል። ከቀፊራ ገበያ አዴ ሐሊማ የቀረውን ሳምቡሳዋን በሳፋ ይዛ ትመጣለች። ከማዕዘኑ ሱቅ ደግሞ ሙሴ ስታቭሮ፤ ግሪክ ነው፣ ግን እዚያው ድሬ የተወለደ፣ ሲምል ‹‹ወላሂ›› የሚል ግሪክ። ሰርዲንና ወይራ፣ በረዶና ፋኖስ ይሸጣል። መጽሐፉን የሚያመጣው እሱ ነበር። መንገደኞች ሆቴል ረስተውት የሚሄዱትን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ዘበኛው ለእሱ ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ለጋሼ ያመጣዋል።

‹‹ሙሴ፣ አንተ ለምን አታነበውም?›› ብዬው አውቃለሁ።

‹‹እንግሊዝኛ? አቦ ተይኝ! አምስት ቋንቋ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጣላሉ፣ ስድስተኛ አልጨምርም።››

ጋሼ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ እንግሊዝኛውን በዓይናቸው ያነቡና አማርኛውን ከአፋቸው ያወጡታል። እንዲህ እንደ ውኃ ሲፈስ የተጻፈው በአማርኛ ነው ብለሽ ትምያለሽ። አዴ ሐሊማ ፊቷ ጨለም ካለ ነገሩን በኦሮምኛ ይደግሙላታል፤ አቡ ሳልም ካንቀላፋ በዓረብኛ ጣል አድርገው ይቀሰቅሱታል። እስከዛሬ ብዙ ተራኪ ሰምቻለሁ፣ በሬድዮም በቴያትርም። የጋሼን የሚያህል አልሰማሁም፤ ይኸው ነው።

መጽሐፎቹ ሁሉ የስለላ ነበሩ። ርዕሳቸው ይለያይ እንጂ ጀግናው ያው አንድ ሰው ነው፤ ጋሼ ‹‹ሻምበሉ›› ይሉታል። ሻምበሉ እንግሊዝ ነው፤ ረዥም ነው፣ አይቸኩልም፣ አያልበውም። ጥይት በጆሮው ስር እያፏጨ ሻዩን ጨርሶ ነው የሚነሣው። ልጅ ሆኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ በዱላ እየተቀጠቀጠ አድጓል፣ በዚያም ይኮራል። የሚያውቀው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የዓለሙ ሕዝብ ሁሉ እንግሊዝኛ እንዲሰማው ይጠብቃል፣ ካልሰማው ጮክ አድርጎ ይደግመዋል። አንድ ጊዜ በረሃ መሐል አንዲት ጎጆ ሆቴል ገብቶ የሐር አንሶላ ሲጠይቅ፣ ‹‹ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!›› ብላ እናቴ በረንዳውን በሳቅ አፈረሰችው። ጋሼ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ‹‹አዎ፣ ግን ልብ በሉ፣ ፈርቶ አያውቅም›› አሉ። ሻምበሉን ይወዱት ነበር። እኛም በሳቸው ፍቅር ወደድነው።

ክፉው ሰላይ ደግሞ ነገረ ሥራው ሁሉ ተቃራኒ ነው። ያልበዋል። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ፣ ኮሎኛ ይቀባል፣ ሲስቅ ጥርሱ ይበዛል። ከሁሉ በላይ ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ ዋናው ወንጀሉ ይሄ ነበር። ሻምበሉ በባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሰው በሦስት ቋንቋ ምግብ ሲያዝ ከሰማ፣ ነገር አለቀ፣ እጁ ወደ ሽጉጡ ነው።

እዚህ ላይ ነበር የእኔ መከራ የጀመረው። ድሬ ውስጥ አራት ቋንቋ የማይናገር ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ብቻ ነው። ላብማ አታንሺው። በመጋቢት ድሬ ላይ ማነው የማያልበው? ቄሱ ያልባቸዋል፣ ዳኛው ያልበዋል፣ ጀሪካን ውኃ እንኳ ያልበዋል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ሰላይ ነው ማለት ነው አልኩ፤ ሻምበሉ አንድ ቀን ከባቡር ቢወርድ ማንን ይዞ ማንን እንደሚተው ሳስብ እጨነቅ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። የሰላዩ አገር ይለዋወጣል። አቡ ሳልም ዕቃ ሊያመጣ ኤደን በሄደበት ቅዳሜ ሰላዩ የኤደን ዓረብ ነበር። በሳምንቱ አቡ ሳልም ቴምሩን ይዞ ከች ሲል፣ ሰላዩ የቦምቤይ ህንድ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔ አፌ መች ያርፋል!

‹‹ጋሼ! ባለፈው ዓረብ ነው አላሉም?››

አቡ ሳልም ዞር አለ። ጋሼ ከመጽሐፉ ቀና እንኳ አላሉም። ‹‹ፓስፖርቱ ነዋ። ሰላይ አይደል እንዴ? ዛሬ የዓረብ ያወጣል፣ ነገ የህንድ ያወጣል። እውነተኛ አገሩ የሚታወቀው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ሻምበሉ ያን ጊዜ ያጋልጠዋል።››

‹‹አቤት ተንኮል!›› አለች አዴ ሐሊማ፣ ‹‹እናቱ ከየት እንደወለደችው እሷም አታውቅ ይሆናል።››

እኔም አመንኩ። ፓስፖርት ማለት እንደ ልብስ የሚለዋወጥ ነገር ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። ሰላዩ አንድ ቀን አርመን ይሆናል፣ አንድ ቀን ጣሊያን፤ ሙሴ ስታቭሮ ጅቡቲ በወረደበት ቅዳሜ ደግሞ ግሪክ ሆነ። በረንዳው በነገሩ ይከራከር ጀመር። ‹‹ጣሊያን ነው፣ እኔ ልንገራችሁ›› ትላለች እናቴ። ‹‹ጣሊያን እንዲህ ምስጢር አይችልም›› ይላል አቡ ሳልም።

ዑመርንም ልንገራችሁ። ሻምበሉ ምጽዋ ወይም ፖርት ሳይድ ሲወርድ ሻንጣውን የሚሸከምለት ሰው ነው። ጋሼ እንደተረኩት ዑመር እዚሁ ድሬ አጠገብ የቢዮ አዋሌ ልጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ እስከዚያ ድረስ የሄደ፣ ነገር አዋቂ፣ ለሻምበሉ ‹‹ጌታዬ፣ በዚያ በኩል አትሂድ›› የሚለው እሱ ነው። አዴ ሐሊማ ዑመርን እንደ ወንድሟ ልጅ ያዘችው። ምዕራፉ ባለቀ ቁጥር ‹‹ቆይ፣ ለዑመር ከፈለው?›› ትላለች። ‹‹ከፍሎታል፣ ጉርሻም ጨምሮለታል›› ይላሉ ጋሼ፣ እሷም ሳፋዋን አንሥታ ደስ ብሏት ትሄዳለች።

እንግዲህ እኔ በሁዳዴ መሐል ሰላይ ፍለጋ ወጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ቀለበቱም፣ ኮሎኛውም፣ ቋንቋውም አንድ ሰው ላይ ተገናኙልኝ፤ ሙሴ ስታቭሮ ላይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሱቁ ፊት ለፊት ኒም ዛፍ ስር ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አንድ ዓርብ ልክ በቀትር ሱቁን ዘጋ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ወደ ቀፊራ ነጎደ። ተከተልኩት። በበርበሬው ተራ አለፈ፣ በማሽላው ተራ አለፈ፣ ደግሞ ግራ ቀኝ አየና ከአዴ ሐሊማ ዳስ በስተኋላ ካለው የጆንያ መጋረጃ ውስጥ ሹልክ አለ። ‹‹ወይኔ፣ አዴ ሐሊማም አለችበት!›› አልኩ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ሙሴ ስታቭሮ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣ የሥጋ ሳምቡሳ እየዋጠ ነው። በሁዳዴ! በዕለተ ዓርብ! እናቴ ‹‹ሙሴኮ እንደኛው ኦርቶዶክስ ነው፣ ጿሚ ነው›› እያለች የምትመሰክርለት ሰውዬ!

ተያየን። ጎርሶታልና መናገር አልቻለም።

‹‹ለማን ነው የምትሰልለው?›› አልኩት፣ እንደ ሻምበሉ ቀስ ብዬ።

ዋጠ፣ አፉን ጠረገ፣ አሰበበት። ‹‹ለሆዴ›› አለ።

አዴ ሐሊማ ሳቋ ገበያውን ሞላው። ለእኔ የምስሩን ሰጠችኝ፤ የጾም ሳምቡሳ አስተጣጠፏ ይለያል፣ ሁለት ጆሮ ታወጣለታለች፣ ክርስቲያን ደንበኛ በስሕተት እንዳይፈስክባት። ሙሴ ስታቭሮ አብሮኝ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ‹‹ትርንጎ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ወላሂ ታዋርደኛለች›› እያለ ለመነኝ። አልነገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላይነቱን ተውኩለት፤ የሥጋ ሳምቡሳ ምስጢር መያዝ ያልቻለ ሰው የመንግሥት ምስጢር ሊሰርቅ እንደማይችል ገባኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ ባሰ፣ ወሬም መጣ። የሙሴ ስታቭሮ ወንድም ግሪክ አገር ሱቅ ከፍቶ ‹‹ና አብረን እንሥራ፣ አገርህ ግባ›› እያለ ከዓመት ዓመት ይጨቀጭቀው ነበር፤ አሁን እሺ ብሎታል ተባለ። ሱቁን ሊሸጥ ነው። አይቶት የማያውቀውን አገር አገሬ ብሎ ሊሄድ ነው። እናቴ ‹‹ምን ያድርግ፣ አገሩ ነው›› ስትል፣ ጋሼ ‹‹አገሩስ ይሄው ነበር›› ብለው ከክፍሉ ወጡ። እንዲያ ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም። የሚሄደው የግንቦት ባቡር ላይ ነው፤ የያዝነው መጽሐፍም በዚያው ሰሞን ማለቁ ነው። ‹‹የሰላዩን እውነተኛ አገር ሳልሰማ አልሄድም›› አለ ሙሴ ስታቭሮ እየሳቀ፣ በረንዳውም ‹‹ሳትሰማማ አትሄድም!›› አለ።

በዚያ ሳምንት ነው ጋሼ ወደ ሥራ ሲሄዱ መጽሐፉን ወንበር ላይ ረስተውት የሄዱት። ሰባተኛ ክፍል ከገባን ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ህንዱ አስተማሪያችን ደግሞ አንዲት ቃል ብትስቺ ማስመሪያውን ያሳይሻል። ስለዚህ ይነስም ይብዛም አነብ ነበር። ‹እስቲ አገሩን ቀድሜ ልወቅ› ብዬ ገለጥኩት።

ዑመር የለም። ፈለግሁት፣ ፈለግሁት፣ የለም። ‹‹አንድ ጥቁር አሽከር ሻንጣውን ተሸከመለት›› ይላል፣ እሱም አንድ ቦታ፣ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ጉርሻውም የለም። ሰላዩ ደግሞ ፓስፖርት ለዋውጦ አያውቅም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ግሪክ ነው። ሲያልበው ግሪክ፣ ሲስቅ ግሪክ፣ ሲዋሽማ መጽሐፉ ‹‹እንደ ዘሩ ሁሉ›› ይላል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሻምበሉ ባቡር ላይ ይይዘውና፣ በግሪኮች ባሕር ዳርቻ ከተወለደ ሰው እውነት የጠበቀ ሞኝ ነው ብሎ በፊቱ ይናገረዋል። ፊቴ ጋለ። የተሰደብኩት እኔ አልነበርኩም፣ ግን የተሰደብኩ ያህል ተሰማኝ። የወንዙን አሸዋ አብሮኝ እየተሻገረ ‹ወላሂ ታዋርደኛለች› ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ጋሼ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ‹‹መጽሐፉ እርስዎ እንደሚሉት አይልም!››

ደንግጠው ግራ ቀኝ አዩ። ኮታቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ። ‹‹አዎ፣ አይልም።››

‹‹ታዲያ ለምን ይዋሻሉ?››

‹‹መጽሐፉ እኛ በረንዳ ላይ አልተቀመጠም፣ ትርንጎ። እኔ ነኝ የተቀመጥኩት።›› መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ‹‹እነዚህ እንግሊዞች ወግ ያውቃሉ። እንዴት አድርገው ሰውን በጉጉት እንደሚይዙ አየሽ? ድፍረታቸውን፣ ቃል ጠባቂነታቸውን እወድላቸዋለሁ። የኔ ሻለቃ ራሱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ወባ ሲይዘኝ ኪኒኑን ከራሱ ቀንሶ ነው የሰጠኝ። ግን በላይነህ ማለት አልሆነለትም፣ ‹ቢሊ› ነበር የሚለኝ። አብሬው ያን ያህል ዞሬ እውነተኛ ስሜን ሳይጠይቀኝ ተለያየን። ክፋት አልነበረም። የሌላ አገር ሰው አጠገቡ ጎረቤት ሆኖ አያውቅማ! ጎረቤት የሌለው ሰው የጻፈውን ጎረቤት ላለው ሰው ስትተረጉሚ፣ ትንሽ ማስተካከል አለብሽ።››

‹‹ሙሴ ስታቭሮ ቢያውቅስ?››

ጋሼ መጽሐፉን ከደኑት። ‹‹እሱ ያወቀ ቀን›› አሉ፣ ‹‹ስንት ቅዳሜ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስድቡን በልቤ እያነበብኩ እንደኖርኩ ያውቃል። በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ከዚህ አገር ያን ይዞ እንዳይሄድ ብቻ። ሌላ ምንም አልፈልግ።››

በነጋታው ወባቸው ተነሣባቸው። ኪኒኑን ዋጡ፣ ብርድ ልብስ ተደራረበላቸው፣ አልጋው ግን ይንቀጠቀጣል። ቅዳሜ ደረሰ። ‹‹ይቅርባችሁ ብለን እንመልሳቸው›› አለች እናቴ፤ ግን ማንን ትመልሳለች? ሁለት ነገር ባንድ ላይ የዋለበት ቀን ነበር፤ የሙሴ ስታቭሮ መሰናበቻና የሰላዩ አገር። ቀትር ሳይበርድ በረንዳው ጢም አለ። ሁሌ የማይመጡት ሁሉ መጡ፤ አርመኑ ሰዓት ሠሪ ከነሚስቱ፣ ህንዱ ልብስ ሰፊ፣ ጋራዡ ያለው ጣሊያን። አቡ ሳልም ቦታው ተይዞበት ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሙሴ ስታቭሮ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኮሎኛውን አብዝቶ፣ መሐል ላይ ነው።

‹‹ትርንጎ ታንብብልን!›› አለ አቡ ሳልም። ‹‹ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ምን ጎደላት?››

‹‹ታንብብ! ታንብብ!››

ሮጬ ጋሼ ዘንድ ገባሁ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ነው። ‹‹ጋሼ፣ አገሩን ንገሪን እያሉኝ ነው፣ ምን ልበል?››

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ‹‹ማን ማን መጥቷል?››

ቆጠርኩላቸው። ዓረቡ አለ፣ ህንዱ አለ፣ አርመኑ አለ፣ ጣሊያኑም ዛሬ አለ፣ ግሪኩ መሐል ላይ ነው።

‹‹እንግዲህ የሌለውን ፈልጊ›› ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ወጥቼ የጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት አይደርስም ነበር ማለት ይቻላል። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። እንደሳቸው ለስለስ አድርጌ አልነበረም፣ እየተደናቀፍኩ ነው፤ ግን ባቡሩን አስኬድኩት፣ ዑመርንም አሳፈርኩት፣ ሻምበሉንም ሻዩን አስጨረስኩት። ሰላዩ ከፉርጎው ጥግ ተይዟል። የገጹን ቃል አየዋለሁ፤ ከገጹ ቀና ስል ሙሴ ስታቭሮን አያለሁ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጸጥታ ያየኛል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ አፌ እንዳያመልጠኝ ምላሴን ነከስኩ።

‹‹ሻምበሉ የሰላዩን ባርኔጣ አወለቀው›› አልኩ። ‹‹ፊቱን አየና ደነገጠ። አብሮ አደጉ ነው። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አብረው ነው የተገረፉት። ሰላዩ እንግሊዝ ነበር።››

‹‹ወላሂ?›› አለ አቡ ሳልም።

‹‹ቀለበቱስ?›› አለ ጣሊያኑ። ‹‹ኮሎኛውስ? ያ ሁሉ ቋንቋስ?››

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ግን መጣልኝ፤ ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አላውቅም። ‹‹ማስመሰያ ነው። ነገሩ ሲወጣ ሰው ሁሉ ‹ዓረቡ ነው፣ ግሪኩ ነው፣ አርመኑ ነው› እንዲልለት ነው። እነሱ ምንም አላደረጉም። አንዳቸውም።››

አዴ ሐሊማ እጇን በእጇ መታች። ‹‹ውይ! ያን ሁሉ ጊዜ የገዛ ልጃቸው!››

‹‹የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ!›› አለች እናቴ፣ በረንዳውም ተናጋ። ህንዱ ያጨበጭባል፣ አቡ ሳልም አርመኑን ‹‹አላልኩህም?›› ይለዋል፣ ምንም ሳይለው። ሙሴ ስታቭሮ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ይዞ ቆየ።

ሲሰነባበቱ አንድ በአንድ አቀፋቸው። ጋሼ ዘንድ ግን ተኝተዋል ብለን አላስገባነውም። እኔ እስከ በሩ ሸኘሁት። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ ከህንዱ አስተማሪያችን በጠራ እንግሊዝኛ፣ ‹‹ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ አነበብሽው›› አለኝ። ‹‹ገጹ ላይ ያለሁት ግን እኔ ነኝ።››

ክው አልኩ።

‹‹ልጅ ሆኜ ኤደን አንድ የእንግሊዝ ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ›› አለ በአማርኛው ተመልሶ። ‹‹ለበላይነህ ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱን አነበዋለሁ።››

‹‹ታዲያ ለምን ታመጣለታለህ? እንዲህ እየሰደቡህ!››

‹‹ሌላ መጽሐፍ የለማ፣ ሆቴሉ ውስጥ የሚረሱት ይሄንኑ ነው።›› ፈገግ አለ። ‹‹ደግሞ ቅዳሜ መጥቼ በላይነህ በየት በኩል እንደሚያወጣኝ መስማት እወድ ነበር። በመጽሐፎቹ ሁሉ ሌባ ነኝ፣ ትርንጎ። እዚህ በረንዳ ላይ ግን አንድ ቀንም ሆኜ አላውቅም።››

ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ሄደ። ሱቁ እስኪደርስ ድረስ ቆሜ አየሁት።

ስመለስ ጋሼ ነቅተዋል። ላባቸው ወርዶ ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓቸዋል። ‹‹ማንን አደረግሽው?›› አሉኝ።

‹‹እንግሊዝ።››

ወደ ጣሪያው አፈጠጡ። የሚወዱትን አገር ሸጥኩባቸው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ አልጋው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወባው የተመለሰ መስሎኝ እናቴን ልጠራ ስል፣ ለካ እየሳቁ ነው።

ሳቃቸው ሲበርድ ፊታቸው ተለወጠ። በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ‹‹ስታቭሮስ? በር ላይ ቆማችሁ ስታወሩ ሰማሁ። ነገሩን ነቅቶበታል እንዴ?››

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። ከስተዋል፣ ጢማቸው ሳይላጭ ከርሟል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። በክፍሉ ውስጥ ያለነው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

‹‹ምንም አልነቃበትም›› አልኳቸው። ‹‹እንግሊዝኛ የት ያውቅና፣ ጋሼ!››

‹‹እሰይ›› አሉ፣ ትራሱ ላይ ተመልሰው እየተጋደሙ። ‹‹እሰይ፣ የኔ ልጅ።››

ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳብኩላቸው፤ ደስ እንዳላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።